የአራተኛው ኩሬ ሙጫ

በሌለችበት ሠራተኞቹ «አፍንጫ» ይሏታል፤ በፊቷ ደግሞ «እትዬ»። ሁለቱንም ታውቃለች፣ በሁለቱም አትቀየምም። ምን ያስቀይማል? አፍንጫዋ እውነትም አፍንጫ ነው። የዓሣ መኖ ከረጢት ገና አፉ ሲፈታ ዘይቱ መሽተቱን፣ ሻጋታ ነክቶት እንደሆነ፣ መጋዘን ሳለ አይጥ ጎብኝቶት እንደሆነ ከሦስት እርምጃ ላይ ትነግርሃለች። አንዴ አንድ ሙሉ መኪና መኖ «ይሄ ተበላሽቷል» ብላ ከበር አስመለሰች። ሾፌሩ ሲሰድባት ዋለ፣ በኋላ ሲመረመር እሷ ያለችው ሆነ። ከዚያ ወዲህ እሷ ሳታሸት ከመኪና የሚወርድ ከረጢት የለም።

ዓሣ እርባታው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፣ አሥራ ዘጠኙንም መኖ ክፍል። መኖ ክፍል ማለት ከኩሬዎቹ በላይ ያለች አንድ መስኮት ያላት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጧ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ሚዛን፣ ሦስት ሰማያዊ በርሜልና መኖ የሚሰጣበት ሸራ አለ። ሽታውን ግን አታንሱት። የዓሣ ዱቄት፣ የቆየ ዘይትና እርጥበት ተደባልቀው አናት ይመታሉ፤ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የመጀመሪያ ቀን አፉን ይዞ ነው የሚወጣው። ከሰው ሁሉ የተለየ አፍንጫ ያላት ሴት እዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዴት ተቀመጠች ብትሉ፣ እኔም አልገባኝም። ስትጠየቅ «ለምጄው ነዋ» ትላለች፣ አለቀ።

አሁን ግን ደክሟታል። የአንድ ቀን ድካም ቢሆን ተኝቶ ይወጣል፤ ይሄ ተኝታም አብሯት የሚያድር ነው። ጠዋት ስትነሳ ወገቧ አብሯት አይነሳም፣ እሱን ለብቻው ነው የምታስነሳው። ቦቲ ጫማዋን ለማጥለቅ ግድግዳ ትደገፋለች። ጡረታዋ ስምንት ወር ቀርቶታል። ስምንቱን ወር እንደምንም ገፍታ፣ ስሟ ሳይነካ፣ «አንድ ቀን መኖ አበላሽታ አታውቅም» ተብላ መውጣት ነው የምትፈልገው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ቤት ስትገባ ደግሞ ባሏ ይጠብቃታል። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጡረታ ወጥቶ መሪው ከእጁ ሲቀርበት ቤቱን በአፉ መንዳት ጀመረ። በሩን ዝጊ፣ መጋረጃውን ሳቢ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። በተለይ የቀዘቀዘ ነገር ሲያይ ያበደ ይመስላል። ጥርሱን ስለሚያመው ውሃ እንኳ ለብ ካላለ አይጠጣም። ልጆቻቸው ርቀው ስለሄዱ ቤት ውስጥ የቀሩት እሱ፣ እሷና የሻይ ማፍያው ናቸው። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምስጋና ወረቀቷን በየሳምንቱ አቧራውን የሚጠርገው እሱ ነው። ጎረቤት ሲመጣም ወንበሩን ወረቀቱ ፊት ለፊት ያደርገዋል።

የወረቀቱ ነገር እንዲህ ነው። ዓሣ ሲታመም መድኃኒት ከመኖ ጋር ነው የሚሰጠው፤ ሰው አይደል፣ አፉን ይዘህ አታጠጣው። መድኃኒቱን በውሃ በጥብጠህ መኖው ላይ ስትረጨው ደግሞ፣ ኩሬ ውስጥ ሲገባ ታጥቦ ይቀራል። የበላው ዓሣ ሳይሆን ውሃው ታከመ ማለት ነው። ይሄን ያየችው እትዬ ናት። ውሃው ላይ ቢጫ ነገር ሲንሳፈፍ አይታ አንጀቷ አረረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስታርች በውሃ አፍልታ፣ እንደ ሙጫ ሲወፍር መድኃኒቱን እሱ ውስጥ ጨምራ በትኩሱ መኖው ላይ ለወሰችው። እያንዳንዷ የመኖ ፍሬ ስስ ቆዳ ለበሰች። ኩሬ ውስጥ ሲገባ ምንም አልታጠበም። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ፊት አስጨበጨበላትና ወረቀቱን ሰጣት፤ ሙጫው ከዚያ ጀምሮ «የእትዬ ሙጫ» ሆነ።

ዘንድሮ ግን መድኃኒቱ ራሱ ጣጣ አመጣ። ዓሣ ተረካቢዎቹ «ሥጋው ውስጥ የመድኃኒት ርዝራዥ ተገኘ» ብለው ሁለት ጊዜ መለሱ። በሦስተኛው በጭራሽ አንረከብም አሉ። ያኔ ነው ሐኪሟ የተቀጠረችው። ቀጠን ያለች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል፣ ነጭ ካፖርቷን በየቀኑ የምታጥብ የዓሣ ሐኪም ናት፤ ቅጥሯ ለሙከራው ጊዜ ብቻ ነበር። በመድኃኒት ፈንታ ፕሮባዮቲክ የሚባል ዱቄት ይዛ መጣች። የዓሣው አንጀት ውስጥ ገብቶ መጥፎውን የሚያስወጣ ጠቃሚ ባክቴሪያ ነው፣ ከመኖ ጋር ሲበላ ዓሣው ራሱ በሽታውን ይቋቋማል ብላ አስረዳች። ስታስረዳ ደስ ትላለች፣ ግን ትቸኩላለች። ሠራተኛው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እትዬ ከረጢቱን ከፍታ አሸተተች፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ሊጥ ሊጥ የሚል ሽታ ነበረው። ጥሩ ሽታ ነው ብላ ተቀበለችው።

ሙከራው ቀላል ነበር። አራተኛው ኩሬ ዱቄቱ ያለበት መኖ ይበላል፣ አምስተኛው ተራውን። አርባ አምስት ቀን ከሁለቱም በየጠዋቱ የሚወጣው የሞተ ዓሣ ይመዘገባል። ሐኪሟ በእጇ ጽፋ መኖ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ትእዛዝ «ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ መኖው ላይ መርጨት፣ በጥላ ማድረቅ» ይላል። እትዬ አነበበችውና ፈገግ አለች። በውሃ! ይቺ ልጅ ዱቄቱ ሁሉ ኩሬ ውስጥ ታጥቦ እንዲቀርላት ነው? ለሐኪሟ ብላ፣ ለሙከራው ብላ፣ ማንም ሳያዛት ሙጫዋን አፈላች። ዱቄቱ ትኩሱ ውስጥ ሲገባ ያ ኮምጣጣ ሽታ ቦግ ብሎ ክፍሉን ሞላው፣ ከዚያ ጥፍት አለ። እሷም «መኖው ውስጥ ገባ» አለች። አርባ አምስቱንም ቀን እንዲሁ አደረገች፤ ስትለውስ ወገቧ እየተቆረጠ፣ አንድም ቀን ሳታጓድል።

ሐኪሟ ግን መኖ ክፍል አትገባም ነበር። ሽታውን አልቻለችውም። በየጠዋቱ በሩ ላይ ትደርስና አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና «እትዬ፣ እንዴት አደሩ፣ ተደባለቀ?» ትላለች። «ተደባልቋል የኔ ልጅ» ትላታለች እትዬ። ሐኪሟ የመከታተያውን ቅጽ በሩ መቃን ላይ አስደግፋ ትፈርማለች፣ እትዬም ከሥሯ ትፈርማለች። ቅጹ ላይ የተጻፈውን ማን ያነባል? ፊርማ ፊርማ ነው።

የሚሞተው ዓሣ ግን አልቀነሰም። በአራተኛውም ኩሬ በአምስተኛውም እኩል ይሞት ነበር። ጎናቸው የቀላ፣ ክንፋቸው የተበላ ዓሣዎች ጠዋት ጠዋት ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ። የመረብ ሠራተኛው በባልዲ አውጥቶ ለሐኪሟ ሲያሳያት ፊቷ ይዳምናል። መጀመሪያ ሰሞን ምሳዋን ከሠራተኛው ጋር ስትበላ ትስቅ ነበር፣ ወደ መጨረሻው ዳቦዋን እየቆራረሰች ሳትበላ ትነሳለች። ሠራተኛውም ጥርስ ውስጥ አስገባት፤ ዱቄቷን «የሕፃን ዱቄት» አለው። እትዬ በሆዷ ታዝንላት ነበር። በእጇ ያለውን ሁሉ አድርጋላታለች፣ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። ቁርጥ ያለው ነገር ቀድሞ ተወርቷል፤ ሙከራው ይዘጋል፣ ሐኪሟ ትሰናበታለች፣ ዓሣው ከሚያልቅ ገዢ ቢጠፋም ይሻላል ተብሎ እርባታው ወደ መድኃኒቱ ይመለሳል።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ሳምንት እትዬ ቤትም ጣጣ ነበር። ባሏ ጥርሱ አብጦ ሐኪም ቤት ሄዶ፣ የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ ሲጨርስ ሆዱ ተበላሸ። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ እየሮጠ «ጥርሴን ብለው ሆዴን ወሰዱት» እያለ ያማርራል። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ በትንንሽ ፓኬት የተዘጋጀ ዱቄት ሰጠቻት። እትዬም በትኩስ ሻይ በጥብጣ ሦስት ቀን አጠጣችው፣ ሌላማ ምን ይጠጣል ሰውዬው? ለውጥ የለም። ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ወገቧን ይዛ፣ በብስጭት መድኃኒት ቤቱ ገባች። ይሄ ነገር አይሠራም አለች።

ልጅቷ በምን እንደሰጠችው ጠየቀቻት። በሻይ ነዋ፣ በትኩስ ሻይ።

«እንዴ እማማ! ገደሏቸው እኮ» አለች ልጅቷ። «ሕይወት ያላቸው ናቸው። ፍል ነገር አይችሉም። በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚሰጠው።»

አዲስ ፓኬት ቀድዳ በብርጭቆ ውሃ በጥብጣ አሳየቻት። እትዬ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ኮምጠጥ ያለ፣ ሊጥ ሊጥ የሚል።

ክው አለች። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ለበሽተኛ የተቀመጠች አግዳሚ ነበረች፣ እሷ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ ደንግጣ ግፊት አለብዎት ወይ አለቻት። ያ ቦግ ብሎ ጥፍት የሚል ሽታ! አፍንጫዋ በየቀኑ ነግሯት ነበር፤ እሷ ናት ያልሰማችው። አርባ አምስት ቀን ሙሉ ለዓሣዎቹ ሬሳ ስትለውስ ከርማለች። ይብላኝ ለወገቧ።

ለባሏ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችው። ጥርሴ ብሎ ሊጮህ ሲል ዐይኗን አየና ዝም ብሎ ጠጣ። ምን ሆነሻል ሲላት ሁሉንም ነገረችው። ሾፌር አይደል፣ ወዲያው መንገድ ፈለገላት። ዝም በይ አላት። ማንም አላየሽ፣ ማንም አይጠይቅሽ፣ ስምንት ወር ነው የቀረሽ፣ ልጅቷ እንደሆነች ወጣት ናት፣ ሌላ ቦታ ሥራ አታጣም። እትዬ የምስጋና ወረቀቷን እያየች አዳመጠችው። ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ደክሟት ስለነበር ዝም ማለቱ ደግሞ ከሁሉም ይቀል ነበር። ምን አለበት አለች ለራሷ፣ ምን አለበት፣ ለአንድ ጊዜ ዝም ብል?

ሐሙስ ስብሰባው ላይ ሠራተኛው ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ጋ ቆሞ የሁለቱን ኩሬ ቁጥር አነበበ፣ እኩል ነበር። ሐኪሟ አጠገቡ ቆማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ካፖርቷ አልታጠበም፣ እጇን ኪሷ ውስጥ ጨብጣዋለች። ሥራ አስኪያጁ ሙከራውን ስላካሄደች አመሰገናት፣ ከነገ ጀምሮ ወደ መድኃኒቱ እንመለሳለን አለ። ሐኪሟ ቀና ብላ አንድ ነገር ልትናገር ሞከረች፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ተወችው።

እትዬ ያቺን ከንፈር ባታይ ኖሮ ዝም ትል ነበር። እኔ እንዲያ ነው የማምነው። ግን አየቻት። ከረጢቱን ተደግፋ፣ ወገቧን ለብቻው አስነስታ ቆመች።

«ዱቄቱን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሷ ግን አንድ በአንድ ተናገረች። ስለ ሙጫው፣ ስለ ፍላቱ፣ ስለ ባሏ ሆድ ሳይቀር። ሳቁ ቀረ። ሐኪሟ ዐይኗ ፈጦ ቀረ፤ ንዴት ይሁን ደስታ አይለይም። ሙከራው አልተሞከረም ማለት ነው፤ ዱቄቷ አልከሸፈም ማለት ነው። እትዬም የሐኪሟን ፊት አይታ ልቧ ትንሽ ቀለል ሊላት ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ከፍቶ ቅጹን አወጣ።

«እዚህ ላይ በየቀኑ ተፈርሟል» አለ ወደ ሐኪሟ ዞሮ። «‹ሲበጠበጥና ሲደባለቅ ቆሜ አይቻለሁ› ይላል። አርባ አምስት ፊርማ። ታዲያ እያየሽ ዝም አልሽ ወይስ ሳታይ ፈረምሽ?»

ወይ ጣጣ! እትዬ ያንን ቅጽ ረስታዋለች። ልጅቷን ላውጣ ብላ ተነስታ ይኸው በገዛ እጇ ገደል ከተተቻት። ሳታይ የፈረመች ሐኪም ደግሞ ከዚህ እርባታ ብቻ አይደለም የምትባረረው፣ ሌላ ቦታም ማን ያምናታል? የሐኪሟ ፊት እንደ ወረቀት ነጣ።

«ቆማ ነበር» አለች እትዬ። ድምፅዋ እሷን ራሷን ገረማት። «በውሃ ስበጠብጥ አይታ ነው የፈረመችው። ሙጫውን የጨመርኩት እሷ ከወጣች በኋላ ነው። የራሴ ዘዴ ይሻላል ብዬ፣ ደብቄ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት መኖ ክፍል ዋሽታ አታውቅም። የመጀመሪያ ውሸቷ በራሷ ላይ ሆነ። ሐኪሟን አየቻት። ሐኪሟ አፏን ከፈት አደረገች፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቀች፣ ከዚያ መልሳ ዘጋችው። መሬት መሬት አየች።

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። ሙከራው ሌላ አርባ አምስት ቀን ይደገማል፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ትእዛዝ ደብቃ የጣሰችው እትዬ ግን ከዛሬ ጀምሮ መኖ ክፍል አትገባም፤ ጡረታዋ እስኪደርስ ዋናው በር ላይ ትቀመጥ። ሥራ አስኪያጁ ሲናገር አላያትም። ሠራተኛው ሲወጣም ማንም አላያትም፣ ከመረብ ሠራተኛው በስተቀር። እሱ ቦቲዋን ከመኖ ክፍል አምጥቶ ሰጣት።

ቤት ገብታ ወረቀቱን ከግድግዳ አወረደችው። ባሏ ወንበሩ ላይ ሆኖ አያት። ትንሽ ቆይቶ፣ ሊያስቃት ፈልጎ መሰለኝ፣ ሆዱ እንደዳነ ነገራት። እንግዲህ የእርባታውን ሳይንስ ያቃናው የእኔ አንጀት ነው፣ ለሱም ወረቀት ይገባዋል አላት። አልሳቀችም። ሚስማሩ ግን ግድግዳው ላይ ቀረ፤ እሱ ሊነቅለው አልፈለገም።

በር መጠበቅ ለወገብ ጥሩ ነው። አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ መዝገብ፣ ወደ ላይ የሚነሳ የብረት ዘንግ። መኪና ሲመጣ ታነሳለች፣ ሲያልፍ ትመልሳለች። እትዬ ግን መኖ ክፍል ካለችበት ጊዜ ይልቅ እዚህ ደከማት። ምንም ሳይሠሩ መዋል እንዲህ አጥንት እንደሚበላ አታውቅም ነበር። የመኖ መኪና ሲገባ እንኳ ታሸታለች እንጂ የሚጠይቃት የለም። አንዴ «ይሄ ዘይቱ ቆይቷል» ብትል አዲሱ መኖ ተረካቢ ስቆ አለፈ።

ሐኪሟ በየማታው በሠራተኛ መኪና ታልፋለች። ስልኳን እያየች ነው የምታልፈው። በመጀመሪያው ሳምንት እትዬ «አፍራ ነው፣ ይለፍላት» አለች። ሁለተኛውም ሳምንት ስልኩን እያየች አለፈች። ሦስተኛው ላይ እትዬ ተቀየመች። አዎ፣ ተቀየመች፤ መልአክ አይደለችም። አንዲት ቃል፣ «እትዬ እንዴት ዋሉ» ብትላት ምን ይጎድልባታል? ስሜን በላችው፣ ሰላምታዬንም በላችው ብላ ለባሏ ነገረችው። እሱም አላልኩሽም ሊል ነበር፣ ዐይኗን አየና ሻይ አፈላላት።

ከዚያ በአንዱ ቀን መኪናው ተበላሽቶ ሠራተኛው በእግሩ ወጣ። ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ በዘንጉ ሥር ስታልፍ እትዬ ሽታ ሸተታት። በር ላይ ቆሞ የሚነካ ሽታ አልነበረም። ፀጉር ውስጥ የገባ፣ ካፖርት ውስጥ የሰረገ፣ የዓሣ ዱቄትና የዘይት ሽታ ነበር፤ ለሰዓታት እዚያች ክፍል ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው ሽታ። ከላዩ ደግሞ ያ ኮምጣጣ፣ ሊጥ ሊጥ የሚለው፣ ሳይጠፋ። ገብታለች ማለት ነው። በየቀኑ ገብታ ራሷ ታደባልቀዋለች፣ ዱቄቱም በሕይወት አለ ማለት ነው። እትዬ ቅያሜዋን አልተወችም፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኛ ሲወጣ ወንበሯን ወደ መንገዱ ጠጋ ማድረግ ጀመረች።

አርባ አምስተኛው ቀን ስብሰባ እንደነበረ የነገራት የመረብ ሠራተኛው ነው። በመጨረሻው አሥር ቀን ከአምስተኛው ኩሬ ሠላሳ አንድ ዓሣ ሞቶ ሲወጣ፣ ከአራተኛው ስምንት ብቻ ወጣ፤ የአራተኛው ዓሣ ገና ባልዲ ሲያይ ውሃውን እያናወጠ ነው የሚመጣው አላት። እትዬ «ጎሽ» አለችና ዘንጉን አወረደች። ሌላ ምን ትበል?

ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሐኪሟ ብቻዋን በእግሯ መጣች። ቀኝ እጇን ጨብጣለች። ዘንጉ ጋ ስትደርስ ቆመች። ስልኳን አልያዘችም።

«እትዬ» አለች፣ እጇን ዘርግታ ፈታችው። የመኖ ፍሬዎች ነበሩ። «እስቲ ያሽትቱልኝ።»

እትዬ መኖውንም እሷንም አየቻቸው። ልጅቷ ከስታለች፤ ጥፍሯ ውስጥ የዓሣ ዱቄት ገብቷል።

«ነገርኳቸው» አለች ሐኪሟ። «ዛሬ፣ በስብሰባው። መኖ ክፍል አንድም ቀን ገብቼ እንደማላውቅ፣ ፊርማው ውሸት እንደነበር፣ እርስዎ እኔን ሊያወጡ እንደዋሹ። ሁሉንም።»

እትዬ ደነገጠች። ያን ሁሉ ስትሸከም የከረመችው ልጅቷ እንዳትወድቅ ነበር፣ ይኸው ራሷ ሄዳ ወደቀች። «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ታዲያ ምን አሉሽ?»

«ምንም አላሉም። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ያለፈው አልፏል አለ። እንግዲያው ይመለሱ ስለው፣ ስድስት ወር ለቀራቸው ሰው ወረቀት ማንቀሳቀስ ምን ያደርጋል፣ እዚያው ይረፉ አለኝ።» እጇ ላይ ያለውን መኖ አየች። «ይህን ለመስማት ነው አርባ አምስት ቀን ፈርቼ ዐይንዎን ያላየሁት።»

እትዬ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ለዚህ ነው? የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሟን የሰጠችው፣ ወረቀቷን ያወረደችው፣ ለካ ሰዓት አይቶ የሚታለፍ ነገር ኖሯል። ዐይኗ ላይ እንባ መጣ፤ ከዚያ ምኑ እንደሆነ እንጃ ሳቅ ቀደመው። ወገቧን ይዛ ሳቀች። ሐኪሟ መጀመሪያ ግራ ተጋባች፣ በኋላ ዘንጉን ተደግፋ፣ እያለቀሰችም ቢሆን አብራት ሳቀች።

ሳቁ ሲያልቅ እትዬ የሐኪሟን መዳፍ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ዐይኗን ጨፍና ቆየች።

«በሕይወት አለ» አለች። «ግን ውሃ አብዝተሽበታል። ሳይደርቅ ነው ከሸራው ያነሳሽው፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይሻግታል። ነገ ቀንሺ።»

«እቀንሳለሁ» አለች ሐኪሟ። «ነገም አመጣልዎታለሁ።»

እትዬ ዘንጉን አነሳችላት፣ ሐኪሟም ወጣች።

በማግስቱ አመጣችው። ውሃው ልክ ነበር፣ እትዬ ግን ሁለቴ አሸተተችው።